ሸማኔውን የቀረጽኩበት ቪዲዮ

የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከደንበኛ በቀጥታ ትእዛዝ የሚቀበሉበት የስልክ መተግበሪያ እየሠራን ነበር። የእኔ ድርሻ ሰዎቹ ሲጠቀሙበት የት እንደሚቸገሩ አይቶ ማምጣት ነው። በምን መንገድ እንደምከታተልም የምመርጠው እኔው ነበርኩ። መጠይቅ ማስሞላት ይቻላል። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ማስታወሻ መያዝ፣ ሲጨርሱም ማነጋገር ይቻላል። እኔ ቪዲዮ መረጥኩ። ለአለቃዬ "ምንም አያመልጠንም" አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የማስበው ስብሰባ ላይ ሳቀርበው እንዴት እንደሚያምርልኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ጢማቸው የሸበተ አንድ ሸማኔ ቤት ነው። "ልቅረጽዎት?" ስላቸው፣ "ካልሽ ምን ከፋኝ፣ ልጄ" አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የአንድ ጥለት ፎቶ አንስተው ለደንበኛ እንዲልኩ ጠየቅኳቸው።

የተበጠሰ ክር ሳያዩ የሚቀጥሉት ጣቶች ስልኩ ላይ ሲደርሱ ግራ ተጋቡ። ገጹ ይጠፋባቸዋል፤ ፈልገው ያገኙታል፤ ደግሞ ይጠፋል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ቀና ብለው "ልክ ነኝ?" አሉኝ።

"እርስዎ እንደመሰለዎት ያድርጉ" አልኩና መቅረጼን ቀጠልኩ። ከረዳሁ መረጃው ይበላሻል ተብዬ ነው የተማርኩት።

ቢሮ ስመለስ አንድ ባልደረባዬ ስህተቶቹን ብቻ እየቆረጠ ቀጣጠላቸውና የሚያስቅ ሙዚቃ ጨመረበት። ስብሰባው ላይ ሲታይ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያውም ከልቤ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሻሻለውን መተግበሪያ ይዤ እሳቸው ዘንድ ተመለስኩ። ባለቤታቸው ጥግ ላይ ማግ እያጠነጠኑ ነበር።

"እስቲ ያኔ የቀረጽሽኝን አሳዪን፤ እሷም ትየኝ" አሉኝ ፈገግ ብለው።

ላፕቶፑን ከፍቼ ስጣደፍ የተጫንኩት ያንን የተቆራረጠውን ኖሯል። ሙዚቃው ጀመረ። የባለቤታቸው እጅ ቆመ። ልዘጋው ስል "ተይው፣ ይጨርስ" አሉኝ ሽማግሌው።

ጨረሰ።

"ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ አይደል?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እንዲህ ስሆን እያየሽ?"

ስለ አሠራሩ፣ ስለ መረጃው ማስረዳት ጀመርኩ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። ይቅርታ ያልኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

"እኔ እሺ ያልኩሽ የማላውቀውን አይተሽ እንድታስተካክዪው ነው። ለመሳቂያ እንደሚሆን ብታውቂ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር" አሉ፣ ሳይቆጡ።

ከስድብ ሁሉ የከፋብኝ ይሄ ነው። ሲቆረጥም አይቻለሁ፣ አብሬም ስቄያለሁ፤ እሳቸው ግን አላወቀችም ብለው ሊያተርፉኝ ሞከሩ። አውቅ ነበር ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ቪዲዮውን እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት፤ ቢሮ ያለውንም አስጠፋሁ። ወደ ቀሩት ቤቶች የሄድኩት በደብተር ነው። አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፤ ሲጨነቁ እረዳና የት ላይ እንደረዳሁ እጽፋለሁ። መተግበሪያውን በመጨረሻ ያስተካከልነውም በዚያ ነው።

እሳቸው ግን አዲሱን አልሞከሩም። "ዓይኔ ደክሟል፤ ለወጣቶቹ አሳዪያቸው" ብለውኝ ወደ ሸማቸው ተመለሱ። አሁንም ሽሮ ሜዳ ስንገናኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ቀና ብዬ ግን አላያቸውም።