የተቆጪ ያለህ

መካነ ሰላም ካስተማርኩባቸው ዓመታት ከሁሉ ያደከመኝ ማስተማሩ አይደለም፤ የምክር አገልግሎት የተባለው ተደራቢ ሥራ ነው። የተሰጠኝም መካሪ ስለሆንኩ ሳይሆን ኮሌጅ እያለሽ የሥነ ልቦና ኮርስ ወስደሻል ተብዬ ነው። ቢሮዬ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አየራቸው ባለቀ ኳሶችና እግራቸው በተሰበረ ወንበሮች መሃል ቁጭ ብዬ ምክር ፈላጊ እጠብቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ግን ኳስ ፈላጊ ነው።

በዚያ ላይ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው ዩኒት ሊደራችን አንድ ሕግ ነበረው፤ የቀረ ተማሪ ወላጅ ሳያመጣ ክፍል አይገባም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እንደኔው የደከመው ነው። ግን ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ወላጅ ከየት ያመጣል? የስንቱ እናትና እህት ዓረብ አገር ነው ያለችው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ልጆቹም መንገድ ላይ ያገኙትን ትልቅ ሰው ለምነው "አጎቴ ነው" ብለው ይዘው ይመጣሉ። ትናንት የአንዱ አጎት የነበረ ሽማግሌ ዛሬ የሌላው አያት ሆኖ ሲገባ አይቼ ዝም ብያለሁ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። እናቷ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ወግዲ ገብቷል፤ እሷ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ጫማዋ ከኔ ጫማ ስለሚሻል ማናችንም "ይቺ ደግሞ ምን ጎደላት?" ከማለት አላለፍንም። ከጥምቀት ወዲህ መቅረት ስታበዛ ጠርቼ ጠየቅኋት።

"ጧት መነሳት ያቅተኛል፣ ቲቸር።"

"አሞሽ ነው?"

"እኔንጃ። ዓይኔ ይገለጣል፤ ለምን እንደምነሳ ግን ይጠፋኛል።"

"እናትሽስ ምን ትልሻለች?"

"እሷማ 'የኔ ቆንጆ' ነው የምትለኝ። ብቀርም ብወድቅም የኔ ቆንጆ ነው።"

ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ አልኳት። እሺ ብላኝ ሳትመጣ ቀረች።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትቀር እንደ በፊቱ ሾልካ መግባት አልቻለችም፤ ዩኒት ሊደሩ ከበር መለሳት። ወላጅ አምጪ፣ ከዚህ በኋላ ከቀረሽ ደግሞ ስምሽ ይሰረዛል አላት። ስሟ ከተሰረዘ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደላላ ይፈለጋል፣ ከዚያ እናቷ የሄደችበት መንገድ ነው።

በማግስቱ "አክስቴ ናት" ብላ አንዲት ሴት ይዛ መጣች። ሳያት ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ድንች የምትሸጥልኝ ሴትዮ ናት! እሷም አውቃኛለች፤ ግን እንደማያውቀኝ ሰው እጅ ነሳችኝ። ዩኒት ሊደሩ "ልጅዎ ለምን እንደምትቀር ያውቃሉ?" ሲላት ጉሮሮዋን ጠረገችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

"አንች! እናትሽ የሰው ወለል ስትወለውል ወገቧ እየተቆረጠ አንች እዚህ እንቅልፍሽን ትለጥጫለሽ? ምነዋ? ነግ ስትመጣ ምን ልትያት ነው? ተናገሪ እንጅ! ወላሂ፣ ሁለተኛ ቀርታለች ሲሉ ብሰማ እግርሽን ነው የምሰብረው!"

ለማስመሰል ጀመረችው፤ መሃል ላይ ግን የምሯን ሆነ። ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዩኒት ሊደሩም "እንዲህ ያለ ቤተሰብ እያላት!" ብሎ አስገባት።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሳትቀር ተማረች። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አንድ ሰኞ ግን ቦታዋ ባዶ ሆነ፤ ማክሰኞ ጧት የቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ደሜ ፈላ።

"ስምሽ እንደሚሰረዝ እያወቅሽ! ደግሞ መነሳት አቃተሽ?"

"አይ፣ ተነስቼ ነበር። ዩኒፎርሜን ለብሼ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት።"

"ለምን?"

መሬት መሬት እያየች፣ "ወላጅ አምጪ እንድትሉኝ ብዬ ነው" አለችኝ።

ቁጣዬ በኖ ጠፋ፤ ድካሙ ብቻ ቀረ። "ታዲያ ዝም ብለሽ ገበያ ወርደሽ ሴትዮዋን ብታዪያትስ?" አልኳት።

"ምን ብዬ ልሂድ፣ ቲቸር? እኔ ምኗ ነኝ?"

ዩኒት ሊደሩን ለመንኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ አስገባልኝ። ቅዳሜ ልጅቷን ይዤ ገበያ ወረድኩ። ሴትዮዋ ገና ከሩቅ ስታየን ድንቿን ትታ ብድግ አለች።

"ደግሞ ምን አጠፋሽ?"

"ቀረሁ" አለች ልጅቷ፣ ልክ አንደኛ የወጣች ይመስል።

ቁጣው ወረደ። ገበያተኛው ዞሮ እስኪያየን ጮኸችባት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች፤ ፊቷ ግን ፈክቷል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት።

ሴትዮዋ እሷን ስትጨርስ ወደኔ ዞረች። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለኝ።

"አንችስ? ፊትሽ ምነው እንዲህ አመድ መሰለ? ምግብ አትበይም? የሚቆጣሽ ሰው የለም?"

እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "እበላለሁ" ብዬ ልመልስላት አፌን ስከፍት ቀድሞ የወጣው እንባዬ ነው።