ዝምተኞቹ ጎረቤቶቻችን

ዕረፍት ማለት ልጆች እንደ ልባቸው የሚጮኹበት፣ ወላጅም «ዝም በሉ» የማይልበት የዓመቱ ክፍል ነው። ለዚህ ሲባል ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ፌርፋክስ ያለውን ሱቃችንን ለወንድሜ ትተን፣ ቤተሰቡ በጋራ ወደ ገዛት የተራራ ላይ የእንጨት ቤት ከልጆቻችን ጋር እንወጣለን።

ዘንድሮ በደረስን ማግስት ከጎን ካለው ቤት አንድ ሰውዬ መጣ። እሱና ጓደኞቹ ወሩን ሙሉ ዝምታ ሊለማመዱ እንደመጡ በሹክሹክታ ነገረንና ልጆቹን ዝም እንድናሰኝለት ለመነን። እሺ አልን። ልጆቹ በሹክሹክታ ኳስ መጫወት ጀመሩ።

በሳምንቱ አማቴ እትዬ በላይነሽ ከሎንግ ቢች መጡ። በመስኮት ሲያዩ ጎረቤቶቻችን በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ጎረቤት ሰው ሞቶበት እናንተ ሥጋ ትጠብሳላችሁ?»

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም። ዝምታ እየተለማመዱ ነው።»

«ሰው በጤናው ዝምታ ይለማመዳል? ዞር በል ከፊቴ!»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦ ይዘው ሄዱ። ይቅርታ ልጠይቅላቸው ተከተልኳቸው። ስደርስ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጠው፣ እጇን ይዘው ያለቅሳሉ። ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። «ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የለም» አለች በእንግሊዝኛ፤ ከዚያ እሪ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ በመጨረሻ ያ የሚያንሾካሹከው ሰውዬ ራሱ።

ልጄ ከኋላዬ ብቅ ብላ፣ «ዳዲ፣ እነሱ ሎውድ መሆን አሎውድ ናቸው?» አለችኝ፤ እነሱ መጮህ ተፈቅዶላቸዋል ወይ ማለቷ ነው።

ልቅሶው እስከ ሠልስት ዘለቀ። ልጆቹም በሙሉ ድምፃቸው ኳስ ተጫወቱ፤ ስሞታ ያቀረበ ጎረቤት የለም።