የዶሮ ቤቱ ውልብልቢት

ያ ዕለት ነፋስ አልነበረም። ብርዱ የአፍንጫ ፀጉር የሚያደርቅ ብርድ ነበር፤ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ሰማይ ድረስ ይቆማል። ሐይቁ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ በላዩ ያለው ስስ በረዶ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወጋ ነበር። የጾም ዋዜማ ማክሰኞ ስለነበረ መንደሩ በሙሉ ሐይቁ ላይ ወጥቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በቫዮሊን ይጨፍራል። ነገ ግንባሩ ላይ አመድ ተቀብቶ ጾም የሚገባ ሰው ለዛሬ አይሰስትም።

ባሌ ፊልያስ ጎድሮ ቀኝ እጁን ያጣው በዚያ ቀን ነው።

ፊልያስ አናጢ ነበር። ዞኤል ላንክቶ ደግሞ የበኩር ልጃችንን ክርስትና ያነሳ አበልጃችን ነው። ሁለቱ በዞኤል ጎተራ ውስጥ ሞተር ያለው የበረዶ ጋሪ ሠሩ። ሞተሩ ከአሮጌ አውቶሞቢል የወጣ የዞኤል ሞተር ነው፤ የቀረው ሁሉ የፊልያስ ነው። ከኋላ ሆኖ፣ እንደ አውሮፕላን አየር እየቀዘፈ ጋሪውን የሚገፋውን ውልብልቢት በርች ከሚባል ዛፍ ሳንቃ አወጣው። ሳንቃውን በሙጫ እየደራረበ አጣበቀ፣ በመላጊያ ላገው፣ በቢላ ስለት ላይ አስቀምጦ ወዲያም ወዲህም ማጋደሉን እስኪተው ድረስ ፋቀው። እንደዚያ ያማረ እንጨት አይቼ አላውቅም። ዛሬም ስጠላው አምሮ ነው የሚታየኝ።

ውልብልቢት ሕግ አለው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ቤንዚን እንዲስብ አንድ ሰው በእጁ ያዞረዋል። የሚያዞረው ሰው “ዝግ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማብሪያውን በዓይኑ አይቶ “ዝግ ነው” ይላል። ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚሰነዘረው፤ ማብሪያው ክፍት ከሆነ ሞተሩ ድንገት ይነሳና ውልብልቢቱ እጅ ይቆርጣል።

ዞኤል ወንበሩ ላይ ነበር። አንድ እጁ ጠርሙስ ይዟል፤ ፊቱ ወደሚጨፍሩት ሴቶች ነው።

“ዝግ ነው?” አለ ፊልያስ።

“ዝግ ነው፣ ዝግ ነው” አለ ዞኤል፣ ሳያይ።

ክፍት ነበር።

ስለ ደሙ አልጽፍም። ክንዱን በሽርጤ ጠቅልዬ በጎረቤት ፈረስ ሐይቁን አሻግረን ወደ ሐኪሙ ወሰድነው። ፈረሱ ሲነሳ ዞኤል ለሕዝቡ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰማሁት። “አልጠየቀኝም እኮ። ጠጥቷል መሰለኝ፤ ዝም ብሎ ጎተተው።” እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ ነበር፤ ሲጠይቅም ሲመለስለትም ሰምቻለሁ። ግን ሚስት ለባሏ ብትመሰክር ማን ያምናታል?

ፊልያስ ከሐኪሙ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ገብቶ ነበር። ያገኘው ሰው ሁሉ በሐዘኔታ “ምነው አንተ፣ ሳትጠይቅ ጎተትከው?” ይለዋል። ዞኤል ግን ጋሪውን ለብቻው ያዘ፤ በጋሪውም የበረዶውን ወቅት ፖስታ የማመላለስ ሥራ አገኘ። ከባቡር ጣቢያው በሐይቁ ላይ እየበረረ፣ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ልጆች ይከቡታል። ኮፍያውን ያነሳል። ፊልያስ ባዶ እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ አስይዞ ቆሞ ያየዋል።

የፈለገውን አንድ ቀን ነገረኝ። እጁን አልነበረም፤ እጅ አይመለስም። “ዞኤል በዚያው ሕዝብ ፊት ቆሞ ክፍት ነበር እንዲል ነው” አለኝ። “ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝም።”

የመንደራችን ቄስ አባ ሊያጽናኑት መጡና ይህንኑ ሰሙ። “ፊልያስ ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው” አሉት።

“እኔ መቼ ጸለይኩ አባ” አላቸው። “እየሠራሁ ነው።”

እውነቱን ነው፤ ይሠራ ነበር። ውልብልቢቱን የፈጠረ ሰው ድክመቱንም ያውቃል። ውልብልቢት የነፋስ ነገር ነው። በጠጣር ሐይቅ ላይ ይበርራል፤ ጫካ ውስጥ፣ ወገብ በሚደርስ ልል በረዶ ላይ ግን ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ፊልያስ በጫካ የሚሄድ ጋሪ ፈለገ።

የመጀመሪያው አንድ ትልቅ ጥርስ ያለው መንኮራኩር ነበር። ቆፍሮ ቆፍሮ ራሱን ቀበረ። “መቃብር ቆፋሪ ሠርቻለሁ” አለ ፊልያስ። “ለማን እንደሆነ ብቻ ነው ያልታወቀው።”

ሁለተኛው በቺንጋ የሚሄድ ነበር። ከእህል መውቂያ መኪና የወጡ፣ እንደ ቀበቶ የሚዞሩ ሁለት ሰፋፊ የጎማ ቺንጋዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ እንደ መሰላል በእንጨት ርብራብ ተያያዙ። ሞተሩ ጥርሳም መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ ርብራቡን እየያዘ ቺንጋውን ይስባል፣ ጋሪው ራሱ ባነጠፈው ምንጣፍ ላይ ይሄዳል። በግራ እጁና በጉልበቱ አስደግፎ የሚበሳው እሱ ነው፤ ቡሎኑን የማጠብቀው እኔ። ላሟ ሳትታለብ ትጮሃለች፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይፈሳል፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ እሱ ከጎተራችን “ኤግዚልዳ፣ ያዢልኝ” ይላል። እይዝለታለሁ። ሌላ ማን ሊይዝለት ነው?

ቺንጋው መቶ እርምጃ ያህል ይሄድና ይዘላል። በመዘውሩና በቺንጋው መሃል በረዶ ይገባል፤ ይጨመቃል፤ ይጠጥራል። መዘውሩ እየወፈረ ሲሄድ ቺንጋው ይወጠርና ከጥርሱ ላይ ይወርዳል። ፊልያስ መዘውሩን በብረት ሠራው፤ በረዶው ያዘው። በእንጨት ሠራው፤ ያዘው። የአሳማ ስብ ቀባው፤ የጎረቤት ውሻ ሊልሰው መጣ፣ በረዶውም ያዘው። ሁለት የበረዶ ወቅት እንዲህ አለፈ። ዞኤል በየእሑዱ ኮፍያውን ማንሳቱን አልተወም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ድንች በምንቆፍርበት ወር፣ እኔ የድንች ማራገፊያውን በርሜል እያዞርኩ ነበር። ዙሪያው ርብራብ ነው፤ ድንቹን ከተው ሲያዞሩት አፈሩ በርብራቡ መሃል ይረግፋል። ፊልያስ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

“አቁሚ” አለኝ።

“ደስ ይለኛል” አልኩት። ክንዴ አልቆ ነበር።

“አይ፣ አዙሪ።”

“ቁርጡን ንገረኝ፤ ላቁም ነው ላዙር?”

“አዙሪ። አፈሩ የት ነው የሚሄደው?”

“እግሬ ላይ።”

ወደ ጎተራው ሄደ። በዚያው ሳምንት ድፍኑን መዘውር ጣለና በሁለት ቀለበት መሃል በብረት ዘንጎች ብቻ የተያያዘ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርጫት የመሰለ መዘውር ሠራ። ዘንጎቹ ራሳቸው ጥርስ ሆኑ። በረዶው ሲገባ የሚይዘው ነገር አጥቶ ወደ ውስጥ ይወድቅና በጎንና በጎን ይረግፋል። የመጀመሪያው በረዶ እንደጣለ ከጎተራው ጀርባ፣ በእንጨት ቆራጮች መንገድ ሞከርነው። ሄድን፤ ተመለስን። ቺንጋው አልዘለለም። ፊልያስ ጋሪውን በድርቆሽ ሸፍኖ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።

በዚያ ኅዳር በረዶው ቶሎና በብዛት ጣለ፤ ሐይቁ ግን ገና ሰው አይሸከምም ነበር። ፖስታው ጣቢያው ላይ ተከምሮ፣ ዞኤል ሐይቁ እስኪጠጥር በጣቢያው ሱቅ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቅዳሜ ዕለት ጨው ልንገዛ በፈረስ፣ በጫካው በረዶ ውስጥ ግማሽ ቀን እየተጎተትን ሄድን። ወንዶች ምድጃውን ከበው ፒፓቸውን ያጨሳሉ።

“አበልጄ” አለው ፊልያስ። ከአደጋው ወዲህ በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም። “ነገ የሙታን ነፍሳት ጨረታ ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነው የሚውለው። ፖስታው አይመጣም?”

“ሐይቁ ሲጠጥር ይመጣል።”

“የጫካው መንገድ አለ እኮ።”

“በረዶ ሞልቶታል።”

“የበረዶ ጋሪ አይደለም እንዴ ያለህ? ወይስ ሐይቅ ላይ መንሸራሸሪያ ነው?”

ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ “ተወው ፊልያስ፣ ዞኤል ከምድጃ ሲርቅ ሞተሩ አይነሳም” አለ። ሳቁ በረታ። የዞኤል አንገት ቀላ።

“ነገ ከቅዳሴ ስትወጡ ደጃፉ ላይ ታገኙኛላችሁ” አለ።

“እንጠብቅሃለን” አለ ፊልያስ። ጨዉን ተሸክሞ ወጣ፤ እስከ ቤት ድረስ ያፏጭ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ቀረን። ድርቆሹን ገፍፈን ጋሪውን አወጣንና በጫካው መንገድ ወደ ጣቢያው አቀናን። እኩሌታው ላይ ስንደርስ የውልብልቢቱን ጩኸት ሰማን፤ ከዚያ ስንጥቅ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ዞኤልን ስናገኘው ጋሪው እስከ ሆዱ ሰምጧል፤ የውልብልቢቱ አንድ ጫፍ የጥድ ቅርንጫፍ መትቶ ተሰብሯል። በሳንቃ ቁራጭ በረዶ ይዝቃል። ጢሙ ነጭ ሆኗል።

ቺንጋውን አየ፣ መዘውሩን አየ። “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ።

“የድንች በርሜል ነው” አለ ፊልያስ።

“እሺ፣ ሳቅብኝ። አሁን ጎትተኝ።”

“ዝግ ነበር ወይስ ክፍት?”

ዞኤል ወደ ዛፎቹ አየ። “ይሄን ያህል ዘመን አልፎ አሁን አንተ…”

“ኤግዚልዳ፣ እንሂድ።”

“ቆይ።” ከንፈሩ በብርዱ አልታዘዝ ብሎታል። “ክፍት ነበር። በቃ፣ ክፍት ነበር።”

“እኔማ አውቃለሁ” አለ ፊልያስ። “ለማያውቁት ነው የምትነግራቸው። ካልነገርክ እዚሁ መልሼ አመጣሃለሁ።”

ገመድ አሰርንለት። ዞኤል እኛ ጋሪ ላይ ሊቀመጥ መጣ፤ ሞተሩ አጠገብ ይሞቃል። በዚያን ቀን እኔ የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

“የራስህ ወንበር አለህ አበልጄ” አልኩት። “እዚያው ተቀመጥ። ፊትህንም ወደ ሴቶቹ አድርግ።”

በኅዳር እሑዶች ሰው ያለውን ያመጣል፤ ገንዘቡ ለሙታን ነፍስ ቅዳሴ ማስቀደሻ እንዲሆን በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ይጫረታል። አጫራቹ ጋሽ ኖርቤር ናቸው። ስንደርስ የአሳማ ጭንቅላት በሁለት ጆሮው ይዘው “ግዙት፣ ከከንቲባችን የተሻለ ይሰማል” እያሉ ያስቁ ነበር። ሞተራችንን ሲሰማ ሕዝቡ ዞረ። ከኋላችን በገመድ የሚጎተተውን፣ እንደ በድን ቀጥ ብሎ የተቀመጠውን ዞኤልን ሲያይ መንገድ ለቀቀልን።

ፊልያስ ወርዶ ወደ ውልብልቢቱ ሄደ። “ያዢልኝ” አለኝ። ያዝኩለት፤ ፈታው። በግራ ብብቱ ስር አድርጎ ከአሳማው ጭንቅላት አጠገብ አኖረው።

“ይህን ማን ሰጠ?” አሉ ጋሽ ኖርቤር።

“ዞኤል።”

“ምን ብዬ ልጥራው?”

“ባለቤቱ ይንገርዎት። ያን ቀን ዝግ ነበር ወይስ ክፍት፣ እሱ ይናገር።”

አባ ከበሩ “ፊልያስ፣ በእግዚአብሔር ደጃፍ ላይ” ብለው ጀመሩ።

“ውሸቱ የተነገረው ሐይቅ ላይ ነበር አባ” አለ ፊልያስ። “እውነቱ የተሻለ ቦታ አግኝቷል።”

ዞኤል ወደ ጫማው አቀርቅሮ “ክፍት ነበር” አለ።

ጋሽ ኖርቤር እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። “እኔ ጆሮዬ ደክሟል። አሳማው ሰምቶ ይሆናል።”

“ክፍት ነበር” አለ ዞኤል፣ ጮክ ብሎ። “ጠይቆኛል። ሳላይ ነው ዝግ ነው ያልኩት። ከዚያም ዋሸሁ።”

ማንም አልሳቀም። “ሳትጠይቅ ጎተትከው” ሲሉ የኖሩት ሰዎች መሬት መሬት አዩ፤ እኔ ግን እያንዳንዳቸውን በተራ አየኋቸው፣ ማን ምን እንዳለ አስታውስ ነበርና። ጋሽ ኖርቤር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሥራ ሥራ ነው። “ለነፍሳት” ብለው ጮኹ። “አንድ ውልብልቢት፣ ጫፉ የተሰበረ፣ አንዴ ሥጋ የበላ።” ፊልያስ ቀኙን አነሳ፤ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን እጅጌ። ከእሱ ሌላ የተጫረተ የለም።

ዶሮ ቤት ወስዶ አግድም ቸነከረው። ዶሮዎቹ ማደሪያ አደረጉት፤ ያን ያማረ በርች ስንት ዓመት ኩሳቸውን ጣሉበት። ሐይቁ ሲጠጥር ዞኤል ለፖስታው አልወጣም፤ ሥራው ለእኛ ተሰጠ። በረዶው ሲቀልጥ ቤቱን ዘግቶ ወደ ወርቅ ማዕድን ሄደ። የት እንደተቀበረ አልጠየቅንም።

ከጨረታው ቀጥሎ ባለው እሑድ አባ ስለ ይቅርታ ሰበኩ፤ ሲሰብኩም የሚያዩት የእኛን ወንበር ነበር። ፊልያስ በስብከቱ መሃል እንቅልፍ ወሰደው። ከአደጋው ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ሲተኛ አላየሁትም ነበር፤ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን። በቀል አያጠግብም ይላሉ። የእኔን ባል አጥግቦታል።

እኔን የጠየቀኝ የለም። አንድ እጅ ያለው ሰው መሪውንም የነዳጁንም ማንሻ መያዝ ስለማይችል፣ ፖስታውን ያመላለስነው ሁለታችን ነን፤ በረዶ ጠራጊው መኪና መጥቶ መንገዱን ዓመቱን ሙሉ እስኪከፍተው ድረስ። ከዚያ በኋላ ጋሪው ጎተራ ውስጥ ዛገ። ቺንጋውን ቆርጬ ለላሞቹ በረት ምንጣፍ አደረግሁት።

ፊልያስ አሁን አሞስ ከተማ፣ መነኮሳቱ በሚያስተዳድሩት የአረጋውያን ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሾርባውን በግራ እጁ ይጠጣል። ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ ሳህኑን እይዝለታለሁ።