ሣልስት ላይ የዋለው ፈተና

አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሞት የሚነገረን በስልክ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ማለዳ ከተክለ ሃይማኖት በኩል የእድር ጥሩምባ ሲነፋ እሰማና፣ የጌጃ ሰፈሩ ቤታችን፣ እናቴም ጉልበቷ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ፣ ይመለሱብኛል።

እናቴ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ከእንግሊዝ አገር በፖስታ የሚመጡ መጻሕፍትን ያለ አስተማሪ ብቻዋን እያጠናች፣ በዓመት አንዴ እዚሁ ከተማ እየተፈተነች፣ ዲግሪ ለመያዝ ትለፋ ነበር። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ነበር፤ በጋ ሲገባ በአንድ እጇ ሽሮ እያማሰለች በሌላው ገጽ ትገልጥ ነበር። የአባቴ እህት፣ ስሟን አልጠራም፣ በሕይወት አለች፣ በመጣች ቁጥር «አስተማሪ የሌለው ትምህርት ቄስ እንደሌለው ቅዳሴ ነው» እያለች የጎረቤቱን ሴት ሁሉ ታስቅባት ነበር። እናቴም አብራ ትስቅና ማንበቧን ትቀጥል ነበር።

የመጨረሻው ፈተና በደረሰበት ግንቦት የአባቴ እናት ሞቱ፤ ፈተናው ሣልስቱ ዕለት ዋለ። እናቴ በጥቁር ልብሷ ላይ የቢሮ ጫማዋን አድርጋ፣ በድንኳኑ ጥግ አልፋ የግቢው በር ላይ ስትደርስ አክስቴ አየቻት።

«የአማትሽ አፈር ሳይደርቅ፣ ሐዘንተኛው መሬት ተቀምጦ፣ አንቺ ወንበር ላይ ልትቀመጪ ነው?»

«ከሰዓት እመለሳለሁ፣ እታለም። ይቺን ካለፍኩ አለቀ እኮ።»

«ሂጂ! ሰውም ይይሽ!»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። እሱ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳብ አድርጎ «ለከርሞ ትፈተኛለሽ፤ ፈተና አይሞት» አለ። ጫማዋን አውልቃ ተመለሰች፤ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ፍራሹ ላይ ቦታ ሰጧት።

በከርሞው ግንቦት ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ይዛ አላየኋትም። ታይፒስት እንደሆነች ጡረታ ወጣች፤ ታይፒስት እንደሆነች ተቀበረች።

ዓምና የአክስቴ ባል ሲያርፉ ልቅሶ ተቀምጬ ነበር። እዚያው ቤት ሆና በኮምፒውተር የምትማረው የአክስቴ የልጅ ልጅ ያን ዕለት የዲግሪ ፈተና ነበረባት። አክስቴ ከፍራሿ ቀና ብላ ለቀስተኛውን «እባካችሁ ቀስ በሉ፣ ልጄ ጓዳ እየተፈተነች ነው፤ ሐዘኑ የት ይሄድብናል?» አለች። ቤቱ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እንዲያ ነበር መሆን የነበረበት፤ ያኔም። እኔ ግን ራሴን መያዝ አቅቶኝ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶችም «ለካስ እንዲህ ትወዳቸው ኖሯል» ተባባሉ።