የሚነዝረው ምድጃ

ዓለም ባንክ ሰፈር የተከራየነው ቤት ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይነዝር ነበር። ወጥ ሳማስል እጄ ብረቱን ከነካ፣ ንዝረቱ እስከ ትከሻዬ ይወጣና ማማሰያው ከእጄ ይወድቃል። ለባለቤቴ ስነግረው ከስልኩ ቀና ሳይል፣ "ጫማ አድርጊና አብስያ" ይለኛል። አድርጌም ይነዝረኛል። ማርገዜን ካወቅኩ በኋላ ፍርሃቴ ባሰ።

"ልጁን ቢጎዳውስ?" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ፣ አታጋንኚ!"

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለራሱ ሻይ ሊያፈላ ወጥ ቤት ገባ። ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ፣ ማንቆርቆሪያው ተደፍቶ፣ እሱ እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ግድግዳ ተደግፏል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይሄ ነገር ሰው ይገድላል እኮ!" ብሎ ጮኸብኝ፣ የደበቅኩት ይመስል።

ወዲያው ወጥቶ ከጦር ኃይሎች ሰፈር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ሰውዬው ምድጃውን ሲፈታው፣ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነክቶ አገኘ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጠግኖ ጨረሰ።

"መንዘር ከጀመረ ቆይቷል?" ሲል ጠየቀ።

"ኧረ ዛሬ ነው የጀመረው" አለ ባለቤቴ።

እኔ አጠገባቸው ተንበርክኬ ከጥገናው የወዳደቀውን የሽቦ ቁርጥራጭ እለቅም ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ግን እጁን እያገላበጠ ያይ ነበር።