ለእንግዳ የተጠረገ ሰርቨር

እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ ኖራ የሚቀባ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። አርባ ምንጭ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሰርቨር ስጠብቅ በነበርኩባቸው ዓመታት፣ ጎብኚ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር የግቢው ድንጋይ ሁሉ ይነጣ ነበር። ውስጡን ግን ለቄስ።

ሥራዬ የተማሪዎችን ውጤት የሚቀበለው ፕሮግራም እንዳይቆም መጠበቅ ነበር። መብራት እልም ሲል ፕሮግራሙ ይሞታል፤ መምህራን አስገብተውት ዳታቤዝ ያልደረሰ ውጤት ጊዜያዊ ፋይሎች ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ስክሪፕት፣ በራሳቸው የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ጻፍኩ። አንደኛው ፕሮግራሙ መሞቱን ሲያይ መልሶ ያስነሳዋል። ሁለተኛው ያጸዳል፤ ግን ዝም ብሎ አይጠርግም። በየፋይሉ ውስጥ ያለውን ያያል፣ ውጤት ከሆነ ወደ ዳታቤዝ ያሻግራል፣ የማይረባውን ብቻ ይጥላል። የሞተ ሰው ቤት እንኳ ዘመድ ሳይቆምበት አይጠረግም።

ጎብኚዎች ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ተደረደረ፤ ስክሪፕቴ ውጤቶቹን እያሻገረ ነበር። ጎብኚዎቹን ሰርቨር ክፍል ለማስገባት የቋመጠው ኃላፊያችን ቀዩን አይቶ ተንጨረጨረ።

“ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምንድነው? ጥረጊው!”

“ጋሼ፣ ቆሻሻ አይደለም፤ የተማሪ ውጤት ነው። ትንሽ ይታገሱኝ።”

“አንቺ ደግሞ ማካበድ ትወጃለሽ!”

ገፋ አድርጎኝ ፎልደሩን እንዳለ በገዛ እጁ ደመሰሰው። ቀጥሎም ስክሪኑ ምንም ቢፈጠር አረንጓዴ ብቻ እንዲያሳይ አዘዘ። አላደርግም ስለው ሌላ ሰው ጠርቶ አስደረገ።

በማግስቱ አንዲት ተመራቂ የጨንቻ ልጅ መጣች። የድጋሚ ፈተናዋ ውጤት የለም፤ ያለ እሱ ደግሞ አትመረቅም። መምህሯ እንደገና ሊያስገባላት ዝግጁ ነበር፤ የጎደለው ውጤቱ በእኛ ጥፋት መጥፋቱን የሚገልጽ የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነው።

“እንግዳ ደጃፍ ላይ እያለ ስማችንን ላጠፋ? ዓመቱን ትድገመው” አለ ኃላፊው፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። ያንን ስንጥር ሳስበው ዛሬም ምራቄ ይመርራል።

ሸማኔው አባቷ ከጨንቻ ወረደ። ለምርቃቷ የሸመነውን፣ ጥለቱ ቀይና ቢጫ የሆነ ጋቢ በሁለት እጁ ለኃላፊው ዘረጋለት።

“ጌታው፣ ልጄ ለፍታለች፤ እባክዎ ይፈርሙላት።”

“እናያለን አባባ” አለና ጋቢውን ተቀበለ። አልፈረመም።

“ወይ ይፈርሙ፣ ወይ ይመልሱለት” አልኩት፣ ሽማግሌው እንደወጣ።

“አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!”

ጎብኚዎቹ የመጡ ዕለት ፕሮግራሙ ከጠዋት ጀምሮ ሞቶ ነበር፤ አስነሺው ስክሪፕትም የሚያየው ያንኑ የታዘዘ አረንጓዴ ስለሆነ አላስነሣውም። ስክሪኑ ግን ለምለም አረንጓዴ ነው። የጎብኚዎቹ አለቃ “በጣም ጥሩ ይዛችሁታል” ሲል አጨበጨቡ። ኃላፊያችን ጋቢውን አምጥቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት።

አባትና ልጅ ውጪ፣ ኖራ የተቀባው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊርማ እየጠበቁ ነበር። እንግዳው ጋቢውን ደርቦ ሲያልፍ ሽማግሌው ጥለቱን አየው። ልጁን አስነሥቶ ቀሚሷ ላይ የተለጠፈውን ኖራ አራገፈላትና ወደ መናኸሪያው ሄዱ።