በዘበኛው ጀርባ

ከሰቆጣ የወጣሁባት ሌሊት፣ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀኝ እኔ ገና ከጎረቤት ደጅ ቆሜ እሰናበት ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ቢነፋ ቢነፋ፣ "ቆይ ልጄ፣ ሰው ሳልሰናበት የምሄድ ሌባ ነኝ?" አልኩት። እህቴ ወለላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ የምትለኝን ትለኛለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ጎረቤት ይመርቃል። የተነሳነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ይህን የምነግራችሁ፣ እናንተ የአገሬ ሰዎች፣ እናንተም እንደኔ በየሰው አገር የተበተናችሁ፣ አወጣጤ እንዴት እንደነበር እንድታውቁልኝ ብዬ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ አዜብ ትጽፋለች፤ አንዳንዱን እየሳቀች፣ አንዳንዱን ዝም ብላ።

ጀርመን አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ መስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ እግር ፖሊስ ለምን መጣሽ አለኝ። እኔም እንደ ወጉ፣ መጀመሪያ እንዴት እንዳደረ፣ እናቱ ደህና መሆኗን፣ ዝናቡ እንዴት እንደያዛቸው ጠየቅኩት። አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ።

"እማማ፣ ይህን አልተረጉምም። የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ።"

"ታዲያ ሰላም ሳልለው እንዴት አድርጌ ነው የምመልስለት?"

ለፖሊሱ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ማህተሙ ተመታና አለፍኩ።

የሰቆጣ ብርድ ፀሐይ ሲያይ ይሸሻል፤ የዚህ አገር ፀሐይ ግን ራሷም በርዷታል። ዳቦው ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፣ ከጥርሴ ጋር አልተስማማም። ማሩን አትጠይቁኝ፤ የኛን ነጭ ማር ለለመደ አፍ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ከሁሉ ግር ያለኝ ዝምታው ነው። ሩሄ ይሉታል፣ ጸጥታ ማለት ነው አሉኝ፤ በጠራራ ቀን ሳይቀር ሩሄ አለ። ሰው ሳይሞት ለምን ጸጥ እንደሚባል አልገባኝም።

ልጄ ቤቱን የተከራየችው ለሁለት ሰው ነው፣ ለሷና ለልጇ ለሊያ። ሦስተኛ ሰው እንዳለ አከራይዋ ካወቀች ሦስታችንንም ታስወጣናለች። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቤት እስኪገኝ ድረስ እኔ የለሁም። ውጭ አልወጣም፣ በመስኮት አልታይም፣ ጮክ ብዬ አልናገርም። አከራይዋ ከታች ነው የምትኖረው፤ እኩያዬ ናት። በመጋረጃው ቀዳዳ አያታለሁ፤ ወገቧን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ታሳዝነኛለች። ወርጄ አይዞሽ ልበላት ብል አዜብ ተቆጣች። "እናቴ፣ ባንድ አይዞሽ ቤታችንን ያሳጡናል" አለችኝ።

ቀኑ አልመሽ ሲለኝ ሊያ መጫወቻዋን ሰጠችኝ። በእጅ የሚያዝ ነው፣ ያረጀ፣ እናቷ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት የገዛችላት። ውስጡ አንድ ሰውዬ አለ። ግድግዳ ታክኮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በዘበኞች ጀርባ እያለፈ የታሰረ ጓደኛውን ሊያወጣ ይሄዳል። መደባደብ የለበትም፤ ጨዋታው አለመታየት ነው። እኔ በአውራ ጣቴ ስነዳው ቀጥ ብሎ ዘበኛው ፊት ይቆማል። ዘበኛው አናት ላይ ቀይ ነገር ብልጭ ይላል፣ ጩኸት ይሆናል፣ ሰውዬው ይሞታል። ይነሳል። ደግሞ ፊቱ እወስደዋለሁ።

"አያቴ፣ ለምን ፊቱ ትሄጃለሽ? በጀርባው ነው" አለችኝ ሊያ። አንቱ ማለት አልሆነላትም፣ እኔም ትቼዋለሁ።

"ድምፁን አጥፍቶ በሰው ጀርባ የሚመጣማ ጠላት ነው። እኛ አገር ከሩቅ 'ቤቶች' እያልን ነው የምንቀርበው።"

"ይሄ እኮ ዘበኛ ነው።"

"ዘበኛስ ሰላምታ አይወድም?"

"በቃ፣ ሰውዬውን በጨዋነት ገደልሽው" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን ከልቤ ግራ ገባኝ። ሰውዬው ደግ ከሆነ ለምን እንደ ሌባ ይሄዳል? ሌባ ከሆነስ እኔ ለምን እረዳዋለሁ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አዜብ ሥራ ላይ ሳለች፣ ደወሉ ተደወለ። አከራይዋ ናት፣ ማሞቂያውን ልታይ መጥታለች። ሊያ እጄን ጎትታ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው። ካፖርቶቹ መሐል ቁጢጥ አልኩ። አከራይዋ ገባች፤ በክፍተቱ እግሯ ይታየኛል፤ እንደኔው አብጧል። ማሞቂያውን ነካካች፣ አጉረመረመች፣ ከዚያ አስነጠሳት።

"ይማርሽ" አልኩ።

አስቤ ያልኩት አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ሲል የኖረ አፍ ነው ያለው።

በኋላ ሊያ እንደነገረችኝ፣ አከራይዋ "ቁም ሣጥናችሁ ይናገራል እንዴ?" ብላታለች። ሊያ መጫወቻውን ከፍ አድርጋ "እሱ ነው የተናገረው" አለቻት። ምን ቋንቋ ነው ብትላት የዘበኞቹ ነው አለች። አከራይዋ አላመነችም መሰለኝ፣ እግሯ ወደኔ ዞረ፣ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ደግሞ አስነጠሳት።

ነጠላዬን ነከስኩ።

ትንሽ ቆመች። አንድ ሰው ይማርሽ እንዲላት የምትጠብቅ መሰለኝ፤ ወይ ለኔ መሰለኝ እንጃ። ማንም አላላትም። አፍንጫዋን አብሳ ወጣች።

ሊያ ቁም ሣጥኑን ከፍታ "አለፍሽ፣ አያቴ፣ አለፍሽ" ብላ አቀፈችኝ። ቤታችን ተረፈ። ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ ብትለኝ እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ መጫወቻውን አምጪ አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው አይሞትብኝም፤ በዘበኛው ጀርባ አሳልፈዋለሁ።

እሑድ ወለላ ደወለች። ጎረቤታችን ጋዝጊብላ ወረዳ ዝናብ እንደጣለ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ላም እንደወለደች ስትነግረኝ መሐል ላይ አስነጠሳት። አፌን ከፈትኩ። ከታች የአከራይዋ በር ሲከፈት ሰማሁና አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ወለላ ጠበቀች። የሰቆጣ ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

"እህቴ" አለችኝ፣ "የለሽም እንዴ?"